ሬቪት ልማር ወይስ ሳይት ላይ ልቆይ?

ጥያቄ፦ የኮንስትራክሽን ቴክኖሎጂና ማኔጅመንት የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። ሰንጋ ተራ አካባቢ አንድ ሕንፃ ላይ ኢንተርንሺፕ ወጥቻለሁ። በየቀኑ የሚጣለው የፌሮ ቁራጭና የተሰበረ ብሎኬት ያሳዝነኛል። ጓደኞቼ “ሬቪት (ሕንፃን በኮምፒውተር ሞዴል የሚያደርገውን ሶፍትዌር) ተማሪ፣ መጪው ጊዜ የቢአይኤም (የሕንፃውን መረጃ በአንድ ሞዴል የመያዝ አሠራር) ነው” ይሉኛል። እውነት ሥራ ያስገኛል? ወይስ የሳይት ልምዱ ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ በማዘንሽ በጣም ደስ ብሎኛል። ብዙ ሰው ሳይት ላይ ትንሽ ሲቆይ ዓይኑ ብክነቱን ይለምደዋል። ሬቪትን ተማሪ። ግን ሳይቱን ሳትለቂ።

እዚህ ከተማ ሬቪት የገባባቸው ብዙ ቢሮዎች የሚጠቀሙበት ለባለቤቱ የሚታይ ቆንጆ ምስል ለማውጣት ነው። የሥራው መጠን አሁንም ከአውቶካድ ሥዕል እየተለካ ኤክሴል ላይ ይደመራል። ስለዚህ ሲቪው ላይ “ሬቪት እችላለሁ” ብሎ የሚጽፍ ሞልቷል። ከሞዴሉ ፌሮና ብሎኬት ቆጥሮ የሚያወጣ ግን እንደልብ አይገኝም። አንቺ ያንን ሁኚ።

በፌሮ እንየው። ፌሮ የሚመጣው በ12 ሜትር ነው። ባለ 16 ሚሊሜትር ፌሮ፣ እያንዳንዱ 4.5 ሜትር የሆነ 200 ቁራጭ ያስፈልጋል እንበል። ከአንዱ ፌሮ ሁለት ይወጣና 3 ሜትር ይተርፋል። 100 ፌሮ ሲቆረጥ 300 ሜትር ተረፈ ማለት ነው። በሜትር 1.58 ኪሎ ስለሚመዝን ወደ 474 ኪሎ ይጠጋል፤ ከተገዛው ሩቡ! አገር በውጭ ምንዛሪ ጥሬ ዕቃውን የምታስገባለት ብረት በቁርጥራጭ ዋጋ ይሸጣል። ሌላ ወለል ላይ 3 ሜትር የሚፈልግ ቦታ ካለ ግን ትራፊው ሥራ ላይ ይውላል። ፌራዮው (ፌሮ ቆራጩና አሳሪው) ይህን በምን ያውቃል? እጁ ላይ ያለው የዛሬው ባር ሼዱል (የሚቆረጠው ፌሮ ርዝመትና ብዛት ዝርዝር) ብቻ ነው። ፌሮው በትክክል የገባበት ሞዴል ግን የሕንፃውን ርዝመቶች ሁሉ በአንድ ሠንጠረዥ ያወጣልሻል። አቆራረጡን ማጣመር ያንቺ ሥራ ነው፤ ኤክሴል ይበቃሻል።

ሌላው ብክነት ድሮዊንጎች እርስ በርስ ሳይስማሙ ሲቀሩ የሚመጣው ነው። የሳኒተሪ ቱቦ በሶሌታው (በወለሉ አርማታ) ያልፋል፣ ክፍተት ግን አልተተወለትም። አርማታው ከደረቀ በኋላ ይሰበራል። ሞዴሉ ላይ ስትራክቸሩና ሳኒተሪው ሲደራረቡ ግጭቱ ቀድሞ ይታያል። ደግሞ መሀል ከተማ ላይ ፍርስራሽ ማውጣት ራሱ ጣጣ ነው፦ ሳይቱ ጠባብ፣ ከባድ መኪና ቀን እንደልብ አይገባም።

ሞዴል ሁሉንም አያድንም። ዝናብ የመታው ሲሚንቶ የመጋዘን ጉዳይ ነው።

ስለዚህ ማሠልጠኛ ከመመዝገብሽ በፊት ፌሮ መሣል፣ ሼዱል ማውጣትና ግጭት መፈተሽ ያስተምሩ እንደሆነ ጠይቂ። ትምህርቱ በምስል ማሳመር የሚያልቅ ከሆነ ብርሽን አታውጪ። ሶፍትዌሩን ለማግኘት ግን መክፈል የለብሽም። የሬቪት አምራች አውቶዴስክ ተማሪነቱን ላረጋገጠ ለአንድ ዓመት በነፃ ይሰጣል፤ ተማሪ እስከሆንሽም ይታደሳል። ሳትመረቂ ተጠቀሚበት።

ከዚያ የምትሠሪበትን ሕንፃ አንድ ወለል ብቻ ሞዴል አድርጊ። ሙሉ ሕንፃውን ከሞከርሽ ላፕቶፕሽም አይችለው ይሆናል። ድሮዊንጉን ለመጠቀም ኦፊስ ኢንጂነሩን አስፈቅጂ፤ ለሌላ ሰው ስታሳዪ የባለቤቱንና የድርጅቱን ስም ከላዩ ሰርዢ። ሞዴሉ ያወጣውን የፌሮ መጠን በእውነት ከተቆረጠው ጋር አነጻጽሪና ልዩነቱን በኪሎና በብር አስቀምጪ። ኢንተርቪው ላይ የምትዘረጊው ያንን አንድ ገጽ ነው።

ግን መጀመሪያ ለፌራዮውና ለፎርማኑ አሳዪያቸው። “ይሄ ቁራጭ እኮ ለደረጃው ይሆናል” ካሉሽ ሼዱሉን አስተካክለሽ እንደገና ስሪው።