ቦይለሩን ከመቀየርህ በፊት

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የሞተርሆምህ (የምትኖርበት መኪናህ) ማሞቂያ ፈሳሽ በየሳምንቱ ግማሽ ሊትር ያህል ይጎድላል። ወለሉ ላይ አንድም ጠብታ አላየህም። መካኒኩ ደግሞ «ቦይለሩ ውስጡ ተበስቷል፣ ይቀየር» ብሎሃል። እባክህ ገንዘብህን ገና አታውጣ። ከሁለት ክረምት በፊት እኔም ላይ ይኸው ነገር ደርሶ ነበር፤ ቦይለሬ ግን ደህና ነበር።

የእኔም እንዳንተው በናፍጣ የሚሠራ ነው። ቦይለሩ የውሃና የአንቲፍሪዝ (በብርድ እንዳይረጋ የሚያደርገው ፈሳሽ) ድብልቁን ያሞቃል፣ ፓምፑ ፋን ወዳላቸው ትንንሽ ራዲያተሮች ይገፋዋል፣ ዞሮ ይመለሳል። የምትታጠብበት ውሃ በዚያው ቦይለር ውስጥ በራሱ ቱቦ ያልፋል እንጂ ከፈሳሹ ጋር አይገናኝም። አሁን ልብ በል፤ የመታጠቢያው ውሃ ግፊት ከማሞቂያው ይበልጣል። ያ ቱቦ ቢበሳ ውሃው ነው ወደ ማሞቂያው የሚገባው፣ የውሃ ፓምፑ እየሠራ ደረጃው ከፍ ይላል። ቦይለሩ ወደ ማቃጠያው በኩል ቢያፈስ ደግሞ በጭስ ማውጫው ጣፋጭ ሽታ ያለው ወፍራም ነጭ ጭስ ታይ ነበር። በብርድ ቀን የሚታየው ትንሽ እንፋሎት ግን አያስደንግጥህ። ከሁለቱ አንዱንም ካላየህ መጀመሪያ መጠርጠር ያለብህ የቦይለሩን ክዳንና የቱቦ መጋጠሚያዎቹን ነው።

ከሁሉ በፊት መለካት ጀምር። ድብልቁ ሲሞቅ ያብጣል፣ ሲበርድ ይኮማተራል። አንድ ቀን ሙቁን ሌላ ቀን ቀዝቃዛውን ካየህ ሳይጎድል የጎደለ ይመስልሃል። ጠዋት ጠዋት ማሞቂያውን ሳትከፍት ትርፉ ፈሳሽ የሚጠራቀምበት ዕቃ (ማጠራቀሚያው) ላይ ፕላስተር ለጥፈህ ምልክት አድርግ፣ ቀኑንም ጻፍበት።

ቀጥሎ የቦይለሩን ክዳን ፍታው። እኔ ያገኘሁት የመጀመሪያው ችግር እዚያ ነበር። ፈሳሹ ሲሞቅ በክዳኑ በኩል ወደ ማጠራቀሚያው ይወጣል፣ ሲበርድ ተስቦ ይመለሳል። የክዳኑ ጓርኒሲዮን (እንዳያፈስ የሚያሽገው ጎማ) ከደረቀ ግን ቦይለሩ ፈሳሹን በመሳብ ፈንታ አየር ይስባል። ማጠራቀሚያው ሞልቶ ሳለ ቦይለሩ ይጎድላል። የእኔ ጓርኒሲዮን በጥፍሬ ስነካው ፍርፍር አለ። ክዳኑን ራሱ ቀየርኩት፣ መጉደሉ በግማሽ ቀነሰ። ግን አልቆመም። ክዳኑን ስትፈታ ቦይለሩ ሙሉ በሙሉ የበረደ መሆኑን አረጋግጥ፣ ትኩስ ፈሳሽ ፊት ላይ ይረጫል።

ሌላውን ያገኘሁት በሶፍት ነው። አሜሪካ፣ ኮሎራዶ፣ ዲለን የምትባል ከተማ አካባቢ ነበር ያደርነው፤ ከ2,700 ሜትር በላይ ነው፣ ሌሊቱ በጣም ይበርዳል። አልጋውን አንስቼ፣ መብራት በአፌ ይዤ፣ በእጄ የምደርስበት መጋጠሚያ ሥር ሁሉ የታጠፈ ሶፍት አስቀመጥኩ። ማሞቂያውን አጥፍተን ብርድ ልብስ ደራርበን ተኛን። ጎህ ሲቀድ ከመኝታው ራዲያተር ጀርባ ያለው ሶፍት ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ሮዝ ነጥብ አገኘሁ። ማኒኮቶውን (የጎማ ቱቦውን) በጣቴ ዳሰስኩት፤ ሙጫ ይመስል ይጣበቃል፣ ፋሼታው (ጎማውን የሚያስረው ብረት) ዙሪያ ደግሞ ደርቆ ሻጋታ የመሰለ ቅርፊት ነበር።

ወለሉ ደረቅ የሆነበት ምክንያት ይኸው ነው። ጎማው ሲሞቅ ይነፋና ፋሼታውን ሞልቶ ይይዛል። ሲበርድ ይሰበሰባል፣ ፋሼታው ይላላል፣ ጠብታው ያኔ ይወጣል። ቀን ማሞቂያው ሲሠራ ውሃው ተንኖ ያልቃል፣ የሚቀረው ያ የሚጣበቀው ነገር ብቻ ነው። መካኒክ ጋ የምትሄደው ደግሞ ቀን፣ ሞተሩም ማሞቂያውም ሞቆ ነው። ምን ሊያይ ይችላል?

የጎማውን ጫፍ 3 ሴንቲሜትር ያህል ቆርጬ ጣልኩ፣ በአዲስ ፋሼታ አሰርኩት። ስፕሪንግ ያለውን ዓይነት ብትገዛ ይሻላል፤ ጎማው ሲነፋም ሲሰበሰብም አብሮት ይሄዳል። በካቻቢቴ የሚጠብቀውን ከተጠቀምክ በብርዱ አጥብቀው፣ ግን ጎማውን እስኪቆርጥ አታክርረው።

በሶፍት ካላገኘኸው የራዲያተር ግፊት መፈተሻ (በክዳኑ ቦታ ተገጥሞ ውስጡን በአየር የሚገፋ የእጅ ፓምፕ) ተጠቀም። አሜሪካ ውስጥ ብዙ የመለዋወጫ ሱቆች በመያዣ ያውሱታል። ክዳኑ ላይ ከተጻፈው ግፊት አትለፍ።

ሲጎድል የምትሞላውም ነገር ያሳስበኛል። ለመኪና ሞተር የሚሸጠው አንቲፍሪዝ አብዛኛውን ጊዜ ኤቲሊን ግላይኮል ነው፣ መርዝ ነው። ልጆችህ የሚታጠቡበት ውሃ ከዚህ ፈሳሽ የሚለየው በአንድ ቱቦ ግድግዳ ብቻ ነው። ፕሮፒሊን ግላይኮል ግዛ፣ ለቦይለር ተብሎ የተዘጋጀውን። ያልተበጠበጠ ከሆነ በዲስቲልድ ውሃ በጥብጠው፣ የቧንቧ ውሃ ውስጡን ዝገትና ደለል ያደርገዋል። ቀዳዳ ይደፍናል እየተባለ የሚሸጠውን ዱቄት ደግሞ በጭራሽ አትጨምር፤ ከቀዳዳው በፊት ቀጫጭኖቹን መተላለፊያዎች ይደፍንብሃል።

ከጠገንከው በኋላ ለጥቂት ቀናት ደረጃው ትንሽ ዝቅ ሊል ይችላል። ውስጥ የቀረው አየር እየወጣ ነው፣ አትደንግጥ። ሙላና ምልክቱን መከታተልህን ቀጥል። ዛሬ ማታ ሶፍቱን አስቀምጥና ጠዋት የትኛው እንደረጠበ ፎቶ አንስተህ እዚህ ላክልኝ፣ አብረን እናየዋለን።