ዲፍረንሻሉን ከማስፈታትህ በፊት ሀቡን እይ

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መኪናህ ባለ 70 ሞዴል ላንድክሩዘር ነው። ከሰቃ ጨቆርሳ ስትመለስ ፊት በኩል ኳኳታ ጀመረ። ጭቃ ላይ ፎር ዊል ስታስገባ ደግሞ የኋላው ጎማ ብቻ ይሽከረከራል፣ የፊቱ ዝም ይላል። መካኒኩ "ዲፍረንሻሉ አልቋል፣ ይቀየር" አለህ፤ አክስሉ መሀል ሆኖ ጉልበቱን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያካፍለውን ጥርስ ማለቱ ነው። አንተም ልቀይር ወይ ብለሃል።

እኔ ብሆን ገና አላስፈታውም።

ይህን የምልህ ደርሶብኝ ስለማውቅ ነው። ለቡና ነጋዴ እነዳ በነበረበት ጊዜ፣ በለቀማ ወቅት፣ ጌራ ውስጥ ጆንያ እንደጫንኩ ዳገት ላይ ቀረሁ። ጥቅምት ቢገባም ዝናቡ አልወጣም ነበር። ፎር ዊል አስገባሁ፣ ዳሽቦርዱ ላይ መብራቱ በራ፣ የፊት ጎማው ግን ንቅንቅ አላለም። ጅማ ድረስ አስጎትቼ መጣሁና አንድ ጋራዥ ዲፍረንሻሉን አወረደው። ሁለት ቀን ፈጀ። ጥርሱ ላይ ጭረት እንኳ አልነበረም። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ መካኒክ የቀኙን ሀብ ፈቱ። ውስጡ በደረቀ ቀይ ጭቃ ተሞልቷል፣ ስፕሪንጉም ዝጎ ተጣብቋል። በነጭ ጋዝ ታጥቦ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አለቀ። ከከፈልኩት ይልቅ ያ የባከነው የለቀማ ቀን እስካሁን ይቆጨኛል።

ሀብ የምልህ የፊት ጎማው መሀል ላይ በእጅ የሚዞረው፣ "ፍሪ" እና "ሎክ" የሚል ያለበት ነው። ሥራው ጎማውን ከውስጥ ካለው ዘንግ ጋር ማያያዝና መለየት ነው። አንዱ ሀብ ብቻ ካልያዘ ሁለቱም የፊት ጎማዎች አይጎትቱም። ተራ ዲፍረንሻል ጉልበቱን የሚሰደው ወደሚቀለው ወገን ስለሆነ፣ ያልተያዘው ዘንግ ውስጥ ለውስጥ ይሽከረከራል፣ ደህናው ጎማ ቆሞ ይቀራል። ሰው ይህን ሲያይ ነው ዲፍረንሻሉ አልቋል የሚለው።

እንዲህ አድርገህ እይ። የኋላ ጎማዎች ላይ ታኮ አድርግ፣ የእጅ ፍሬን ያዝ። ሁለቱንም የፊት ጎማዎች በክሪክ አንሳና አክስሉን ከሥር በደንብ አስደግፈው። በክሪክ ብቻ አትተማመን። ሞተሩን አጥፋ፣ ካምቢዮውን አንደኛ ላይ፣ ፎር ዊሉንም አስገባ። ሁለቱንም ሀብ ሎክ አድርግ። አሁን የግራውን ጎማ በእጅህ ወደፊት አዙር። የቀኙ ወደኋላ መዞር አለበት። ዝም ካለ አንዱ ሀብ አልያዘም። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ እያንዳንዱን ፍሪ እና ሎክ እያደረግክ አዙረው፤ ክብደቱ ካልተለያየ ያልያዘው እሱ ነው። ስታጸዳው ግራሶ አታብዛበት። ስስ አድርገህ ቀባው፤ ወፍራም ግራሶ ራሱ እንዳይይዝ ያደርገዋል።

ኳኳታውንም በዚሁ ሀብ ትለየዋለህ። በአዲስ አበባው መንገድ አስፋልት ላይ ፎር ዊል ሳታስገባ፣ መጀመሪያ ሁለቱን ሀብ ፍሪ አድርገህ ንዳ። ፍሪ ላይ የፊት ዘንጎችና ዲፍረንሻሉ አይዞሩም። ድምፁ ካለ ነገሩ የጎማ ኩሽኔታ፣ መሪ ወይም ፍሬን ጋ ነው። ከዚያ ሎክ አድርገህ ያንኑ መንገድ ድገመው። አሁን ብቻ ከመጣ ጉዳዩ ዘንጎቹ ወይም ዲፍረንሻሉ ላይ ነው።

ሎክ ላይ ከመጣ ድምፁን ስማው። መሪውን ጥግ ድረስ አዙረህ በአፈር ሜዳ ላይ በፎር ዊል ቀስ ብለህ ስትዞር ቋ ቋ ቋ ካለ ሲቪ ጆይንት ነው፤ ጎማው ሲታጠፍም ዘንጉ እንዲያዞረው የሚያደርገው መገጣጠሚያ ማለት ነው። ከፊት ወደ ኋላ ማርሽ ስትቀይር አንዴ ኳ! ብሎ ዝም ካለ ደግሞ ክሮቼራ ነው፤ ወደ አክስሉ የሚሄደው ረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ ያለው መስቀል መሰል መገጣጠሚያ። ሞተሩን አጥፍተህ ከሥር ግባና ዘንጉን ግራና ቀኝ ጠምዝዘው። ክሮቼራው ጋ ክፍተት ካየህ አልቋል። ቅባቱ ሲደርቅ ከቆቡ ጠርዝ ቀይ የዝገት ዱቄት ይወጣል። የጅማ አፈር ራሱ ቀይ ስለሆነ ግን አትሳሳት። በጨርቅ ጥረገው፣ አንድ ቀን በደረቅ መንገድ ንዳው። እንደገና ከቆቡ ጠርዝ ብቻ ከወጣ ዝገት ነው። ዲፍረንሻል ሲጎዳ ግን ብዙውን ጊዜ ያጉረመርማል፤ ነዳጅ ስትሰጥና ስትለቅ ድምፁ ይለዋወጣል።

ፍሪ ላይ ከመጣ፣ ጎማውን አንስተህ ከላይና ከታች ይዘህ ነቅንቀው። ከላላ አንድ ሰው ፍሬን ይርገጥልህ። መላላቱ ከጠፋ ኩሽኔታው ነው። ካልጠፋ ኪንግ ፒኑ፣ ማለትም ጎማው ግራና ቀኝ የሚታጠፍበት ፒን ጋ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው ይረሳዋልና። አክስሉ ላይ የአየር መተንፈሻ አለ። በጭቃ ከተደፈነ፣ ሲሞቅ ውስጡ ያለው አየር መውጫ አጥቶ ዘይቱን በኦይል ሲሉ (ዘይት እንዳያፈስ በሚይዘው ቀለበት) በኩል ይገፋዋል። የጋለው አክስል ወንዝ ውስጥ ድንገት ሲቀዘቅዝ ደግሞ ውሃ ወደ ውስጥ ይስባል። ስለዚህ የዲፍረንሻሉን ዘይት ትንሽ አውርደህ እየው። ወተት የገባበት ቡና ከመሰለ ውሃ ገብቷል ማለት ነው። ጎማው በውስጥ በኩል ከረጠበም ሲሉ ሄዷል። የሲቪ ጆይንቱን ግራሶ በሽቦ አውጥተህ በጣትህ እሸው። ወፍራምና ጥቁር ከሆነ ደህና ነው። እንደ ሾርባ ቀጥኖ የዲፍረንሻል ዘይት ከሸተተህ የውስጥ ሲሉ አልቋል። ሲሉን ስትቀይር መተንፈሻውን ካላጸዳህ አዲሱም ቶሎ ያፈሳል።

ነገ ጠዋት መኪናው ሳይሞቅ ሀቡን ፈትሽና ያየኸውን ጻፍልን። የግራሶውንም ፎቶ ለጥፍ። እሁድ ከተማ ውስጥ ነኝ፤ ክሪክ ከሌለህ የእኔን ይዤ እመጣለሁ።