የአሮጌ ላንድሮቨር ፒክአፕ ካሶኒ መግጠምና ሪቬት መምታት፦ ጥያቄና መልስ

ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር አንድ አሮጌ ላንድሮቨር ፒክአፕ ይዘናል። ካሶኒው (የኋላው የዕቃ መጫኛ) ሙሉ በሙሉ ተፈትቶ እንደገና እየተገጠመ ነው። ላሜራዎቹ የሚያያዙት በሪቬት ነው፤ በቀዳዳ ገብቶ ጫፉ የሚጠፈጠፍ ሚስማር መሰል ማያያዣ። ይህን የሰማችሁ ብዙ ጠይቃችሁኛል፤ በተራ ልመልስ።

ጋሼ፣ በሪቬት ከመልፋት በብየዳ መገላገል አይሻልም?

አይሻልም ልጄ። ላንድሮቨር በ1948 እ.ኤ.አ. ሲወጣ እንግሊዝ ከጦርነት ማግስት ነበረች፤ ብረት እንደልብ አይገኝም። ስለዚህ ሻንሲውን (ሁሉን የሚሸከመውን የመኪናውን አጥንት) ከብረት፣ ላሜራውን ከአልሙኒየም ሠሩት። አልሙኒየም 660 ዲግሪ ገደማ ላይ ይቀልጣል፤ እንደ ብረት ቀልቶ አያስጠነቅቅም። የሰፈር ብየዳ ይበሳዋል። ጠርዙን የሚይዘው ደግሞ ብረት ነው፤ ሁለቱ በተራ ብየዳ አይያያዙም።

ሁሉንም ፈትቻለሁ። ከየት ልጀምር?

ሪቬቱን እርሳው፤ የመጨረሻ ሥራ ነው። መጀመሪያ ወለሉን፣ የጎንና የፊት ላሜራዎቹን በትንንሽ ብሎን አላልተህ ሰብስብ። በየሦስት አራቱ ቀዳዳ አንድ ብሎን ይበቃል። ካሶኒውን ሻንሲው ላይ አስቀምጠህ ከጥግ ወደ ጥግ በሰያፍ ለካ። ሁለቱ ልኬቶች እኩል ካልሆኑ ካሶኒው ተጣሟል። የኋላውን በር ዝጋው፤ መቆለፊያው በግድ የሚገባ ከሆነ አንድም ሪቬት አትምታ። አቦ፣ እዚህ ላይ የሚቸኩል ሰው ያሳዝነኛል! ተጣሞ የተመታ ካሶኒ እንደገና መፈታቱ አይቀርም።

የድሮውን ሪቬት በስካርፔሎ (በመሮ) ብቆርጠውስ?

ቀዳዳውን ይቀድብሃል። የሪቬቱን ራስ መሀሉን ነጥብ ምታና በትራፓኖ (በመሰርሰሪያ) ብሳው። ፑንታው (የመሰርሰሪያው ጫፍ) ከሪቬቱ እግር አይወፍር። ራሱ ሲለቅ እግሩን ቀስ ብለህ አስወጣ።

ፖፕ ሪቬት ብቻውን ይበቃል?

ፖፕ ሪቬት ከአንድ ወገን ብቻ በመሳቢያ የሚጠብቀው ነው፤ እጅህ ከኋላ የማይደርስበት ቦታ አዎ። ግን መሀሉ ክፍት ነው፤ ውሃ ያስገባል። ከኋላ የተደፈነውን ዓይነት ፈልግ። ከሁለቱም በኩል የምትደርስበትን በድፍን ሪቬት ምታ።

የድፍኑ ርዝመት ልክ አለው። የላሜራዎቹን ውፍረት ደምርና የሪቬቱን ውፍረት አንድ ተኩል እጥፍ ጨምርበት። ሁለት ባለ 2 ሚሊሜትር ላሜራ በባለ 5 ሚሊሜትር ሪቬት ስታያይዝ 4 ሲደመር 7.5፣ 11.5 ሚሊሜትር ይሆናል። አንዱ ሰው ከባድ ብረት ደግፎ ይይዛል፣ ሌላው ይመታል። ምቱ ጥቂትና ጠንካራ ይሁን፤ መደብደብ ሲበዛ አልሙኒየሙ ይደርቅና ይሰነጠቃል።

ቀዳዳው ሰፍቶብኛል።

አንድ ቁጥር ከፍ ያለ ሪቬት ተጠቀም። ግን ከቀዳዳው መሀል እስከ ላሜራው ጠርዝ ቢያንስ የሪቬቱ ውፍረት ሁለት እጥፍ ይቅር። ካልበቃ ከኋላ መደገፊያ ላሜራ ጨምር።

የድሬ ሙቀት ችግር ያመጣል?

ያመጣል፤ ብዙ ሰው ግን አያስበውም። 2 ሜትር አልሙኒየም ሙቀቱ በ30 ዲግሪ ሲጨምር 1.4 ሚሊሜትር ገደማ ይረዝማል። ብረቱ የሚረዝመው የዚያን ግማሽ ያህል ነው። ቀትር ፀሐይ ላይ የገጠመ ቀዳዳ ማታ አይገጥምም። እኛ ጠዋት በጥላ ነው የምንለካው፤ የምንመታውም ያኔ።

ላሜራው ብረቱን በነካበት ቦታ ነጭ ዱቄት አወጣ። ምንድን ነው?

አልሙኒየሙ እየተበላ ነው። ሁለቱ ተነካክተው እርጥበት ሲገባ የሚጎዳው አልሙኒየሙ ነው። ድሬ ደረቅ ናት ብለህ አትዘናጋ፤ መኪና ሲታጠብ በየስፌቱ የሚቀረው ጭቃ ውሃ ይይዛል። ዱቄቱን አጽዳ፣ ሁለቱንም ፊት የዝገት መከላከያ ቀባ፣ ሲደርቅ መሀላቸው ማሸጊያ አድርግና ምታ። የመዳብ ሪቬት በፍጹም! ከብረቱም የባሰ ይበላዋል።

ባቡር ጣቢያ የቆሙት አሮጌ ፉርጎዎች ሪቬትም እንደዚሁ ነው የተመታው?

ሐሳቡ አንድ ነው። የብረት ሪቬት ግን ቀልቶ ይመታል፤ ሲቀዘቅዝ ያጥርና ብረቶቹን አጥብቆ ይይዛል። የእኛ በቀዝቃዛው ነው፤ ስለዚህ ከመመታቱ በፊት ላሜራዎቹ መሀል ክፍተት መኖር የለበትም።

ስጨርስ ጭኜ ሐረር መውጣት እችላለሁ?

መጀመሪያ ባዶውን ደንገጎን (የሐረር መንገድ ዳገቱን) ውጣና ተመለስ። በየመታጠፊያው ሻንሲው ይጠማዘዛል፤ ካሶኒውም አብሮ ይንቀሳቀሳል። ስትመለስ ካሶኒውን ከሻንሲው የሚያስሩትን ብሎኖች እንደገና አጥብቅ። ከዚያ ሪቬቶቹን አንድ በአንድ እያቸው። ዙሪያው ጥቁር ቀለበት የሠራ ሪቬት ካለ ላልቷል፤ እየተፋጨ ነው። በላዩ ላይ አትምታው፤ አውጣና ወፈር ያለ ተካበት።