ፍርዱን አትንኩ፣ ፍርድ ቤቱን ጠይቁ

"ጋሼ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ራሱ ቢያጠፋስ ማን ይጠይቀዋል?"

እዚህ ደብረ ብርሃን ሕግ የምትማሩ ልጆች ይህን ጥያቄ ደጋግማችሁ ታነሱብኛላችሁ። ደስ ይለኛል። የኛ ሰው ድሮ "ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ" ብሎ የተወውን ነገር እናንተ አልተዋችሁትም። መልሴ አጭር ነው፤ ፓርላማው ይጠይቀዋል። ግን ምኑን መጠየቅ እንዳለበት ካላወቀ ጥፋቱ የባሰ ይሆናል።

ጥብቅና ላይ ሳለሁ ከመንዝ የመጡ አንድ ሽማግሌ ደንበኛ ነበሩኝ። የእርሻ ወሰን ክርክር ነው። ወረዳ ላይ ተከራክረው፣ ዞን ይግባኝ ብለው፣ ቀጠሮ በቀጠሮ ላይ ሲደራረብባቸው መረራቸው። አንድ ቀን "የምክር ቤት ተመራጫችንን አውቀዋለሁ፤ ለዳኛው ደውሎ አንድ ቃል ቢልልኝ ያልቃል" አሉኝ። "ተዉ አባቴ፣ ነገ የባላጋራዎ ዘመድ ቢመረጥስ? እሱም ይደውላል እኮ" አልኳቸው። ሳቁ። ክፉ ሰው አልነበሩም። መንገዱ ስለረዘመባቸው አቋራጭ ፈልገው ነው።

ያ ስልክ ቢደወል ኖሮ ሕገ መንግሥቱን የጣሰ ነበር። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 79 ዳኛ ከሕግ በቀር በሌላ ሁኔታ አይመራም ይላል። ስልኩ ከሚኒስትር ይምጣ ከተመራጭ ለውጥ የለውም። ግን ያው ተመራጭ ፓርላማ ገብቶ፣ ማይክ ከፍቶ "የመሬት ክርክር ለምን ይህን ያህል ዓመት ይፈጃል?" ብሎ ቢጠይቅ ሥራውን ሠራ። ስለ አንድ መዝገብ በጆሮ ማንሾካሾክ ሌላ፣ ስለ ፍርድ ቤቱ አሠራር በአደባባይ መጠየቅ ሌላ። ከዚህ ደብዳቤ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይሄን ያዙ።

አሁን ወደ ሹመቱ። በአንቀጽ 81 መሠረት የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንትና ምክትል ፕሬዚዳንት በጠቅላይ ሚኒስትሩ አቅራቢነት በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይሾማሉ። በ2011 ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ በዚህ መንገድ የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሆኑ። በጥር 2015 ሲለቁም ምክር ቤቱ ተተኪ ሾመ። እኔን የሚያሳስበኝ አካሄዱ ነው። ብዙ ጊዜ የሕይወት ታሪክ ይነበባል፣ ጥቂት አስተያየት ይሰጣል፣ እጅ ይወጣል፣ ጭብጨባ። አለቀ! አሜሪካ ውስጥ ለጠቅላይ ፍርድ ቤት የታጨ ሰው ሴኔት ፊት ቀርቦ ቀናት የሚፈጅ ጥያቄ ይዘንብበታል። ጥያቄው ብዙ ጊዜ የፓርቲ ትርዒት እንደሚሆን አውቃለሁ። ቢሆንም ሕዝቡ ሰውየውን ከመሾሙ በፊት ሲናገር ይሰማዋል። ይሄ ለእኛም ቢሆን የሚከብድ አይደለም። የጎደለው ልማዱ ነው።

ማንሳት ግን ከባድ ነው፤ ከባድ መሆንም አለበት። በእኛ ሕግ ፓርላማው ከመሬት ተነስቶ ዳኛ አያባርርም። መጀመሪያ የዳኞች አስተዳደር ጉባኤ በዲሲፕሊን ጥፋት፣ በጉልህ የሥራ ችሎታ ማነስ ወይም በሕመም ምክንያት ይወስናል፤ ከዚያ ምክር ቤቱ በአብላጫ ድምፅ ያጸድቃል። አሜሪካኖቹ እ.ኤ.አ. በ1804 ሳሙኤል ቼዝ የተባለውን የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ከሰው ነበር። ችሎት ላይ ፖለቲከኛ ሆነ ብለው ነው። በ1805 ሴኔቱ ነፃ ለቀቀው። ከዚያ ወዲህ በዚያ ፍርድ ቤት አንድም ዳኛ እንዲህ አልተከሰሰም። ፍርዱ ስላናደደን ብቻ ዳኛ አይወርድም የሚለው ልማድ ከዚያ ጠነከረ።

ታዲያ ፍርዱ ራሱ መጥፎ ከሆነስ? እዚህ ላይ ተመራጮች አንድ ትልቅ ሥልጣናቸውን ይረሱታል። ሕግ አውጪ ናቸው! ሊሊ ሌድቤተር የምትባል አሜሪካዊት ለብዙ ዓመታት ከወንድ ባልደረቦቿ ያነሰ ደመወዝ ስትቀበል ኖራ ከሰሰች። በ2007 እ.ኤ.አ. ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ4 በሆነ ድምፅ "ዘግይተሻል፣ ደመወዙ በተወሰነ በ180 ቀን ውስጥ መክሰስ ነበረብሽ" አላት። ልዩነቱን ያኔ አታውቀውም ነበር እኮ! ኮንግረሱ ዳኞቹን አልሰደበም፣ አላስፈራራም። በ2009 ሕጉን ቀየረው፤ አነስተኛው ደመወዝ በተከፈለ ቁጥር የመክሰሻው ጊዜ እንደ አዲስ እንዲቆጠር አደረገ። እሷ ገንዘቧን አላገኘችም፤ ከኋላዋ የመጡት ግን በሩ ተከፈተላቸው።

በእኛ አገር ደግሞ የሰበር ሰሚ ችሎት፣ ማለትም በመጨረሻ ፍርድ ላይ መሠረታዊ የሕግ ስህተት አለ ሲባል የሚያየው የጠቅላይ ፍርድ ቤት ችሎት፣ ለሕግ የሚሰጠው ትርጉም የበታች ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል፤ ይህን መጀመሪያ ያመጣው አዋጅ የወጣው በ1997 ነው። እናም ሰበር አንድ አዋጅን ሕዝብን በሚጎዳ መንገድ ከተረጎመ ፓርላማው ቁጭ ብሎ አዋጁን እንደገና መጻፍ ይችላል። ሕገ መንግሥት ሲነካ ደግሞ ነገሩ ወደ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ይሄዳል። አንዲት ሴት ሳትፈቅድ ጉዳይዋ በሸሪዓ ፍርድ ቤት ታይቶ፣ ይግባኙም ሰበሩም ሳይቀበላት ቀርቶ ነበር። በ1996 የፌዴሬሽን ምክር ቤቱ ያለ ፈቃድሽ ሊታይ አይገባም ብሎ ውሳኔውን ሻረው። የፍርድ ሥራ ለፖለቲካ ምክር ቤት መሰጠቱን ብዙ የሕግ ሰዎች አይወዱትም። እኔም ሙሉ በሙሉ አልተዋጠልኝም። ያቺ ሴት ግን ሌላ በር አልነበራትም።

በጀትና ሪፖርትም አሉ። ፍርድ ቤቱ በጀቱን አዘጋጅቶ ለፓርላማ ያቀርባል፣ ሲጸድቅ ራሱ ያስተዳድረዋል። ገንዘብ መከልከል ግን ዳኛን ማስፈራሪያ ሊሆን ስለሚችል በዚህ በኩል ጥንቃቄ ይሻላል። ሪፖርቱን ግን ፈልጋችሁ አንብቡ። ስንት መዝገብ ተከፈተ፣ ስንቱ ተዘጋ፣ ስንቱ ለሌላ ዓመት ተሻገረ የሚለው እዚያ ነው። የክልሉን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሪፖርት የሚሰማው ምክር ቤት ደግሞ ባሕር ዳር ነው። የደብረ ሲናም የአንኮበርም ተመራጭ እዚያ ወንበር አለው።

ፓርላማው ሰኔ 30 ይዘጋል። በክረምቱ ተመራጫችሁ ወደ ሰሜን ሸዋ ሲመጣ የዘመድ መዝገብ ይዛችሁ አትሂዱ። ይልቅ "ባለፈው የፍርድ ቤቶች ሪፖርት ሲቀርብ ምን ጠየቅህ?" በሉት። አልጠየቅኩም ካለ፣ በመስከረም መጨረሻ ሲመለስ የሚጠይቀውን ጽፋችሁ ስጡት።