ሰፈር ውስጥ ውሻ ሲያብድ፦ የእንስሳት ሐኪሙን ጠይቁ

ባለፈው ሳምንት ሰፈራችን ውስጥ አንድ ውሻ አብዶ ሦስት ሰው ነክሷል። ውሻና ድመት ያለው ሁሉ ተጨንቋል። የእንስሳት ሐኪም ነኝና ጠይቁኝ። የተነከሰ ካለ ግን ማንበቡን ይተውና ቁስሉን በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ ይጠብ፤ ከዚያ ወደ ጤና ጣቢያ።

የማሚ ልጅ፦ ድመትም ታብዳለች እንዴ? የኔዋ ከቤት አትወጣም።

መልስ፦ ታብዳለች። ከቤት አትወጣም የምትባል ድመት ሌሊት ቆርቆሮ ላይ የምትሮጠዋ ናት። ሦስት ወር ከሞላት አስከትቢያት።

አቤል፦ ውሻዬ ልክ አይደለም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ልክ አይደለም ማለት ምን ማለት ነው? ይበላል? ይጠጣል? ድምፁ ተቀይሯል? በደንብ አይተህ ጻፍ። እስከዚያ ዝጋበት።

ባለሱቁ፦ የነከሰ ውሻ ወዲያው ቢገደል አይሻልም?

መልስ፦ ይሄን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ጤነኛ ከመሰለና መታሰር ከቻለ አትግደሉት! 10 ቀን ታስሮ ይታይ። ቫይረሱ ለሃጩ ውስጥ የሚገባው ምልክት ከመታየቱ ጥቂት ቀናት በፊት ነው። በ10ኛው ቀን ደህና ከሆነ፣ የነከሰ ዕለት ለሃጩ ንጹሕ ነበር ማለት ነው። የተነከሰው ሰው ግን 10 ቀን አይጠብቅም። ክትባቱን ይጀምራል፤ ውሻው ደህና ከሆነ ሐኪሙ ያስቆመዋል። ውሻው ከሞተ ደግሞ የሚመረመረው አንጎሉ ነው። ጭንቅላቱን በድንጋይ ቀጥቅጣችሁ ለምርመራ ፓስተር ላቦራቶሪ ብትወስዱት ምኑ ሊታይ ነው?

ሌላም አለ። የሚናከሰውን ሁሉም ይሸሻል። እኔን የሚያስፈራኝ ጥግ ይዞ የሚተኛው ነው። መንጋጋው ይወርዳል፣ ለሃጩ ይዝረበረባል፣ መዋጥ ያቅተዋል። ባለቤቱ አጥንት የተሰነቀረበት ይመስለዋል። አንድ አባወራ ጋ ስደርስ እጁን እስከ አንጓው ከቶ ጉሮሮውን ሲፈትሽ አግኝቼዋለሁ። አጥንት የለም። አፉ ውስጥ እጃችሁን አትክተቱ።

እትዬ ብርቄ፦ እህቴ ያበደ ውሻ ነክሷት በጠበል ነው የዳነችው።

ሮቤል፦ ውሻው ማበዱ በምን ታወቀ?

እትዬ ብርቄ፦ እምነት አትንካ አንተ ልጅ!

ሮቤል፦ እምነት አልነካሁም፣ ውሻውን ነው የጠየቅኩት።

መልስ፦ እትዬ፣ ጠበሉ ይቅር አላልኩም። ሲሄዱ በጤና ጣቢያ በኩል ይለፉ። ሰው ላይ ምልክቱ አንዴ ከታየ መድኃኒት የለውም። ሮቤል፣ አንተም ተዋት።

ሮቤል፦ ለማንኛውም የጎዳና ውሾቹን በመርዝ መጨረስ ነው።

መልስ፦ ስትጨርስ ከሌላ ሰፈር ይመጣሉ። ከ10 ውሻ 7ቱ ከተከተበ በሽታው መተላለፊያ ያጣል። ከዚህ በላይ አልከራከርም።

ጫልቱ፦ ዶሮስ ይይዛታል?

መልስ፦ አይይዛትም። ቀጥሎ።

ዮኒ፦ ትናንት ድመት ቧጭራኛለች። ቡና ነሰነስኩበት።

መልስ፦ ከላይ ጽፌያለሁ። ቡናውን እጠበው። ሳሙና፣ ውሃ፣ 15 ደቂቃ በሰዓት። ጤና ጣቢያ።

ቤቲ፦ ከተነከስኩ ሳምንት ሆነኝ። ረፍዷል?

መልስ፦ አልረፈደም። ዛሬውኑ ሂጂ።

ኪያ፦ ለቡችላ የትኛው ምግብ ይሻላል?

መልስ፦ ዛሬ አይደለም።

አቤል፦ ዶክተር፣ አሁን አየሁት። መንጋጋው ተንጠልጥሏል። ጠዋት አጥንት መስሎኝ...

መልስ፦ እጅህን ከተሃል?

አቤል፦ አዎ። ጣቴ ላይ የቢላ ጭረት ነበረብኝ።

መልስ፦ ስልኩን አስቀምጥና ወደ ቧንቧው ሂድ። 15 ደቂቃ። ውሻው ወዳለበት ማንም አይግባ፣ ልጆቹን አርቃቸው። እየመጣሁ ነው።