«ድህነትን ማን ግድግዳው ላይ ይሰቅላል?»

ጥያቄ፦ የምኖረው ሐዋሳ ነው፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ። ሊኖሊየም (ለወለል የሚነጠፍ ለስላሳ ንጣፍ) ላይ እየቀረጽኩ በቀለም አትማለሁ፦ ከፈረቃ የሚወጡ የኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኞችን፣ ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል በሚባለው የዓሣ ገበያ ዓሣ የሚበልቱ ልጆችን፣ የባጃጅ ሾፌሮችን። አጎቴ «አካውንቲንግ ላስተምርሽ፣ ይህን ግን ተዪ፤ ድህነትን ማን ግድግዳው ላይ ይሰቅላል?» ይለኛል። ማተሚያ ማሽን ለመግዛት ዕቁብ ልግባ? አዲስ አበባስ ሄጄ ሥነ ጥበብ ልማር?

መልስ፦ እህቴ፣ የአጎትሽ አነጋገር አናዶኛል። ከፈረቃ የምትወጣ ልጅ ሠርታ የምታድር ሰው ናት፤ ስሟ ድህነት አይደለም። ጆን ስሎን የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1905 እና 1906 የኒው ዮርክን ተራ ሰዎች በብረት ሰሌዳ ላይ እየቀረጸ አሥር ኅትመቶች ሠርቶ ነበር፤ በሙቀት ሌሊት ጣሪያ ላይ የተኙ ቤተሰቦች ሳይቀሩ አሉበት። ለዐውደ ርእይ የጋበዘው የሠዓሊዎች ማኅበር አራቱን «ብልግና ነው» ብሎ መለሰበት። ዛሬ እነዚያ ኅትመቶች በትልልቅ ሙዚየሞች ተቀምጠዋል።

ግን ስሎን የበላው ከእነሱ አይደለም። ለጋዜጣ እየሣለ ነው የኖረው፤ የመጀመሪያ የቀለም ሥዕሉን የሸጠው አርባ ዓመት ካለፈው በኋላ ነው። አጎትሽ በዚህ በኩል ልክ ናቸው፤ ቅርጽሽ የቤት ኪራይ ቶሎ አይከፍልልሽም። እንጀራ ያለው አካውንቲንግ ውስጥ ብቻ ነው ማለታቸውን ግን አልቀበልም። «ተዪ» የሚል ቅድመ ሁኔታ ያለው ክፍያም እርዳታ አይባልም፤ አመስግነሽ፣ በአክብሮት፣ «ይህን አልተውም» በያቸው። ከዚያ ከተማው ውስጥ ቲሸርትና ባነር የሚያትም ቤት ፈልገሽ በረዳትነት ግቢ። እኔም ሥራ የጀመርኩት ማተሚያ ቤት ቀለም በማቀላቀል ነው፤ ወረቀት መምረጥ፣ ዋጋ መተመን፣ ከደንበኛ ጋር መነጋገር እዚያ ይለመዳል። ደመወዙ ትንሽ ነው፤ ማታው ግን የራስሽ ነው።

ዕቁቡን ለጊዜው ተዪው። ሊኖሊየም ማሽን አይፈልግም፤ ወረቀቱን ከላይ አድርገሽ በማንኪያ ጀርባ ማሸት ይበቃል።

አዲስ አበባ ላለው አለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት አመልክቺ፤ እስኪሳካ ግን ሥራሽን አታቁሚ።

ከአንድ ቅርጽ ሃያ ካተምሽ እያንዳንዱ ቅጂ ላይ ከሃያው ስንተኛ እንደሆነ ቁጥር ጻፊበትና ዋጋውን ዝቅ አድርጊ፤ የፓርኩ ሠራተኛም እንድትገዛው። ፊታቸውን የቀረጽሻቸውን ሰዎች ከመሸጥሽ በፊት አስፈቅጂ፤ አንድ አንድ ቅጂም ስጫቸው።