«ሴት አትችልም» ሲሏችሁ «ማን ሞክሮ አየ?» በሉ

ቲቸር፣ ሴት ልጅ ሩጫ ካበዛች መውለድ አትችልም የሚባለው እውነት ነው ወይ? እዚህ ጅማ ስፖርት ማስተማር ከጀመርኩ ጊዜ አንስቶ፣ ጡረታ ከወጣሁም በኋላ የማይቀርልኝ ጥያቄ ይሄ ነው፣ አንዳንዴ ልጅቷ ራሷ ናት የምትጠይቀኝ አንዳንዴ እናቷ፣ መርካቶ ቅመም ስገዛ አስቁመው የጠየቁኝ እናት ሁሉ አሉ። ስለዚህ አንዴ ሰብሰብ አድርጌ ልጻፈው ብዬ ነው፣ ረዘም ይላል ታገሱኝ፣ ደሞ ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው እንዳይምታታባችሁ።

መልሱ አጭር ነው፣ ውሸት ነው። ደራርቱ ቱሉ ወልዳ ተመልሳ ነው በ2000 ሲድኒ ላይ 10,000 ሜትር ለሁለተኛ ጊዜ ወርቅ የወሰደችው። ጥሩነሽ ዲባባም ልጇን ከወለደች በኋላ ተመልሳ በ2016 ሪዮ ላይ ነሐስ አግኝታለች። ከነሱ ብዙ ዘመን በፊት ፋኒ ብላንከርስ ኮን የምትባል የኔዘርላንድ ሴት በ1948 ለንደን ኦሊምፒክ የሁለት ልጆች እናት ሆና አራት ወርቅ ወስዳለች፣ ያኔ 30 ዓመቷ ነበር፣ አርጅታለች ቤቷ ልጆቿን ታሳድግ ያሏት ነበሩ።

ግን መልሱን አውቆ መሄድ ብቻውን አይበቃም። ውሸቱ ከየት እንደመጣ ካላወቃችሁ ነገ ሌላ መልክ ይዞ ይመጣባችኋል።

በ1928 አምስተርዳም ላይ ሴቶች በኦሊምፒክ አትሌቲክስ ለመጀመሪያ ጊዜ ተወዳደሩ። የተፈቀደላቸው ረጅሙ ሩጫ 800 ሜትር ነበር፣ ሁለት ዙር። ጀርመናዊቷ ሊና ራድከ በ2:16.8 የዓለም ሪከርድ ሰብራ አሸነፈች። ታዲያ በዛ ቀን መወራት የነበረበት እሱ ነበር አይደል? አልሆነም። ጋዜጦቹ የጻፉት ሴቶቹ ተዝለፍልፈው ወደቁ፣ ለማየት የሚያሳቅቅ ነበር ምናምን እያሉ ነው፣ ዘጠኝ ሴት በሮጠችበት ፍጻሜ አስራ አንድ ነበሩ ብሎ የጻፈም አለ፣ ቆጥሮ እንኳን አላያቸውም ማለት ነው። 800 ሜትር በሙሉ ኃይሉ ሮጦ ሲጨርስ ሳር ላይ የማይጋደም ሰው እስካሁን አላየሁም፣ ወንድም ይሁን ሴት። በዚህ ወሬ የሴቶች 800 ከኦሊምፒክ ወጣ፣ የተመለሰው በ1960 ነው። 32 ዓመት ሙሉ!

አሁን ይሄን አስተያዩት። በ1908 ለንደን ላይ ዶራንዶ ፒየትሪ የሚባል ጣሊያናዊ ማራቶን እየመራ ስታዲየም ገብቶ ደጋግሞ ወድቋል፣ ሰው ደግፎ አሻግሮት በዚሁ ምክንያት ወርቁን ተነጥቋል። ከዛ በኋላ ወንድ ማራቶን አይችልም ያለ ሰው አለ? የለም፣ እንደውም ጀግና ተባለ። የወደቀው ወንድ ሲሆን ጀግና፣ ሴት ሲሆን ማስረጃ። እኔን እስከዛሬ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ከለከሉ፣ ከዛ ደሞ ራሳቸው በከለከሉት ውድድር ሴት ስላልታየች «አየሽ ሴት የለችም» አሉ።

ብዙ ወጣቶች አበበ ቢቂላ በ1960 ካሸነፈ የኛ ሴቶች ለምን 1992 ድረስ ቆዩ ብለው ይጠይቁኛል። ጥሩ ጥያቄ ነው። አበበ ሮም ላይ በባዶ እግሩ 42 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ በዛው ኦሊምፒክ ለሴት የተፈቀደው ረጅሙ ሩጫ 800 ሜትር ነበር። 1500 የገባው በ1972 ነው፣ ማራቶን በ1984፣ 10,000 በ1988፣ 5,000 በ1996፣ የ3,000 ሜትር መሰናክል ደሞ ጭራሽ በ2008። እና በ1984ም በ1988ም ኢትዮጵያ ኦሊምፒክ አልሄደችም፣ አድማ ላይ ነበርን። ስለዚህ የሴቶች 10,000 በተጀመረበት ሶል ላይ አልነበርንም፣ ቀጥሎ የ1992ቱ ባርሴሎና ነው፣ ልጃችን ደራርቱ ያንን ርቀት በኦሊምፒክ መሮጥ በምትችልበት በመጀመሪያው አጋጣሚ ወርቅ ይዛ መጣች። ዘገዩ አትበሉ ልጆች፣ መንገዱ ነው ተዘግቶ የነበረው።

ያን ምሽት አስታውሳለሁ፣ በኛ ነሐሴ 1 ቀን 1984 ነው፣ ፍልሰታ የገባ ዕለት፣ ቴሌቪዥን ያለበት ጎረቤት ቤት ተሰብስበን። ውድድሩን ዛሬም ዩቲዩብ ላይ ፈልጋችሁ እዩት፣ ስታዩ ደሞ መጨረሻውን ብቻ አትዩ። መጀመሪያ እንግሊዞቹ የሚተማመኑባት ሊዝ ማኮልጋን ትመራለች፣ ከዛ ደቡብ አፍሪካዊቷ ኤላና ማየር ፈጥና ወጣች፣ ደራርቱ ብቻ ተከተለቻት። ዙር በዙር ከኋላዋ ነች፣ አትቀድማት አትለቃት። ኤላና ቅደሚና ምሪ ብላ ቦታ ስትለቅላት እንኳን ደራርቱ አልተንቀሳቀሰችም፣ ገና 20 ዓመቷ ነው እኮ፣ በዛ ዕድሜ እንደዛ መታገስ ከየት ይመጣል? አንድ ዙር ገደማ ሲቀር ሄደች፣ በቃ አለቀ፣ 31:06.02። ከሰሃራ በታች ካለው አፍሪካ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት የኦሊምፒክ ወርቅ ባለቤት ሆነች።

ከዛ ያደረገችው ነው የሚገርመው። መስመሩን አልፋ ኤላናን ጠበቀቻት፣ አቀፈቻት፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ስታዲየሙን ዞሩ፣ አንዷ ጥቁር አንዷ ነጭ፣ ደቡብ አፍሪካ በአፓርታይድ ምክንያት ከ1960 በኋላ እስከዛ ዓመት ድረስ ኦሊምፒክ ያልገባች አገር ናት እኮ። ማንም ያንን አድርጊ አላላትም።

የፋጡማ ሮባም ታሪክ እንዲሁ አይወራም፣ ያሳዝነኛል። እሱን ለመንገር ግን ቦስተንን ማወቅ አለባችሁ። በ1966 ቦቢ ጊብ የምትባል ልጅ ቦስተን ማራቶን ልመዝገብ ብላ ስትጽፍ ሴት ያንን ርቀት አትችልም ተብላ ተመለሰች፣ መነሻው አጠገብ ቁጥቋጦ ውስጥ ተደብቃ ቆይታ ወንዶቹ ሲነሱ ገባች፣ አብዛኞቹን ወንዶች ቀድማ ጨረሰች። በዓመቱ ካትሪን ስዊትዘር የስሟን የመጀመሪያ ፊደላት ብቻ ጽፋ ተመዘገበች፣ 261 ቁጥር ለጥፋ ስትሮጥ ከአዘጋጆቹ አንዱ ሮጦ ደርሶባት ቁጥሩን ሊገነጥልባት ጎተታት፣ ፎቶው አለ፣ እዩት። ጨረሰች። ሴቶች በይፋ የተፈቀደላቸው በ1972 ነው። እና ካትሪን ከተጎተተች ልክ በ30 ዓመቱ በ1997 እዛው ቦስተን ላይ ያሸነፈችው የአርሲዋ ፋጡማ ሮባ ናት፣ በ1998 ደገመች፣ በ1999 ሰለሰች። ከዛ በፊት በ1996 አትላንታ ላይ በ2:26:05 ከአፍሪካ የመጀመሪያዋ የኦሊምፒክ ማራቶን አሸናፊ ሴት ሆናለች።

እዚህ ጋ ለጅማ ሙስሊም ልጆቼ አንድ ነገር ልበል፣ ሒጃብና ስፖርት አይሄድም እየተባላችሁ ኳስ የምትተዉ አላችሁ። ፊፋ በ2014 ፀጉር መሸፈኛ ፈቅዷል፣ ቅርጫት ኳስ ላይም በ2017 ተፈቅዷል፣ ሕጉ ከፈቀደ ዓመታት አልፈዋል፣ ከልካዩ ሰው ግን ላይሰማ ይችላል። ስለዚህ አንድ ሰው አይቻልም ሲላችሁ ሕጉ የት ጋ ነው የሚለው ብላችሁ በጨዋ ደንብ ጠይቁት። ሕጉን አንብቦ የመጣ ልጅ ፊት ብዙ ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣ ደጋግሜ አይቻለሁ።

ሌላ የምትሉኝ ነገር ደሞ እኛ በቆጂ አይደለንም ነው። እውነት ነው፣ ብዙ ሯጭ የወጣባት በቆጂ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ጅማ ከዛ በ1,000 ሜትር ገደማ ዝቅ ትላለች፣ አየሩም እርጥበት አለው። ታዲያ ስፖርት ማለት 10,000 ሜትር ብቻ ነው ያለው ማነው? ሊዲያ ታፈሰ የዚሁ የጅማ ልጅ ናት፣ ቅርጫት ኳስ ተጫዋች ነበረች፣ ፋርማሲ ተምራለች፣ ከዛ ፊሽካ ይዛ ኢንተርናሽናል ዳኛ ሆና በ2015 ካናዳ በ2019 ፈረንሳይ ለሴቶች ዓለም ዋንጫ ተመርጣ ሄዳለች። ትምህርቷንም ስፖርቱንም ይዛ። ቤት ውስጥ «ወይ ትምህርት ወይ ኳስ» የሚል ክርክር ሲነሳ የሷን ስም ጥሩባቸው። ትዕግስት አሰፋን ደሞ እዩ፣ 800 ሜትር ሯጭ ነበረች፣ ሪዮ ላይም በ800 ነው የተወዳደረችው፣ በ2023 በርሊን ላይ ማራቶን በ2:11:53 ሮጣ ሪከርዱን ከሁለት ደቂቃ በላይ ቀነሰችው። በ17 ዓመታችሁ የያዛችሁት ስፖርት የመጨረሻችሁ ላይሆን ይችላል፣ አልሆነልኝም ብላችሁ ቶሎ አትዝጉት።

አሁን ደሞ እንደ ቤተሰብ ልናገር። ምግብ አትቀንሱ። ልምምድ እየሰራች ቁርስ የምትዘል ልጅ ሰውነቷን እየበላች ነው፣ የወር አበባዋ ከቀረ ደግሞ ጎበዝ ስለሆነች አይደለም፣ ሰውነቷ በቂ ምግብ አላገኘሁም እያለ ሊሆን ይችላልና ጤና ጣቢያ ትሂድ። ሞዴስ ቦርሳችሁ ውስጥ ይኑር፣ ለጓደኛም የሚተርፍ፣ በሱ ምክንያት ከልምምድ የምትቀር ልጅ ካለች ዝም አትበሉ። አሰልጣኝ አክብሩ፣ ግን ብቻሽን ማታ ነይ የሚል፣ ስልክሽን ለማንም አታሳዪ የሚል፣ ሰውነትሽን ያለ ምክንያት የሚነካ አሰልጣኝ አሰልጣኝ አይደለም፣ ምንም ያህል ውጤታማ ቢሆን፣ የዛኑ ቀን ለእናት ለታላቅ እህት ንገሩ። ኮንትራት ሳታነቡ አትፈርሙ። አሜሪካዊቷ አሊሰን ፊሊክስ ስንት ሜዳሊያ ያላት አትሌት ሆና እንኳን ስትወልድ ስፖንሰሯ ክፍያዋን በብዙ ሊቀንስባት ነበር፣ በ2019 ወጥታ በአደባባይ ተናገረች፣ ሌሎችም አብረዋት ተናገሩ፣ ድርጅቱ ለእናቶች ያለውን ፖሊሲ ቀየረ። ዝም ብትል ኖሮ ከኋላዋ የመጡት ሁሉ ያንኑ ይቀምሱት ነበር።

ወንዶች ልጆቼ፣ እናንተም አንብቡ። ጠዋት ሜዳ ላይ ሴቶቹ ቀድመው ደርሰው ልብስ እየቀየሩ እናንተ በኋላ መጥታችሁ ኳሱን መሀል ላይ አስቀምጣችሁ ስትጀምሩ፣ እነሱ ደሞ ምንም ሳይሉ ወደ ጥግ ወደ ጭቃው ሲሄዱ ስንቴ አየሁ። ማንም አልከለከላቸውም ትላላችሁ፣ መከልከል ማለት እኮ ሁልጊዜ በአፍ አይደለም። ሰዓት ተካፈሉ፣ በወረቀት ጽፋችሁ በሩ ላይ ለጥፉት።

ፓሪስ 2024 ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሴትና ለወንድ እኩል ቦታ ተሰጠ። ደራርቱ በ2018 የአትሌቲክስ ፌዴሬሽናችን ፕሬዚዳንት ሆነች፣ የዚምባብዌ ዋናተኛ የነበረችው ከርስቲ ኮቨንትሪ ደሞ በ2025 የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ ፕሬዚዳንት ሆና ተመረጠች፣ የመጀመሪያዋ ሴት፣ ከአፍሪካም የመጀመሪያዋ። ደስ ይላል። አሰልጣኝና ዳኛ ላይ ስንመጣ ግን ሴቶቹ ገና ጥቂት ናቸው፣ እኛም አካባቢ እንደዛው ነው፣ የሴቶች ውድድር ላይ ሰዓት የሚይዙት፣ የሚያስነሱት፣ ውጤት የሚጽፉት ሁሉ ወንዶች የሆኑበት ጊዜ ብዙ ነው።

ስለዚህ ጉልበታችሁን የታመማችሁ፣ ሚኒማ (የውድድር ማለፊያ ሰዓት) ያልመጣላችሁ፣ ከቡድን የተቀነሳችሁ ልጆች ከሜዳው አትጥፉ። ሰዓት መያዝ ተማሩ። ቀላል ይመስላል ግን አይደለም፣ ሽጉጡ ሲተኮስ ድምፁን ጠብቃችሁ ሰዓቱን ከተጫናችሁ ዘግይታችኋል፣ ጭሱን አይታችሁ ነው የምትጫኑት፣ መጨረሻ ላይ ደሞ ዓይናችሁ ጭንቅላቷም እግሯም ላይ አይሁን፣ ደረቷ መስመሩ ላይ ሲደርስ ነው የምታቆሙት። ዞን ስፖርት ጽህፈት ቤት ሂዱና የዳኝነት ስልጠና መቼ ነው በሉ። ዘንድሮ የለም ካሏችሁ ስማችሁንና ስልካችሁን ጽፋችሁ አስቀምጡ፣ ከወር በኋላ ተመልሳችሁ ሂዱ፣ ብቻችሁን ሳይሆን ሁለት ሦስት ሆናችሁ።